የጀቤዝ ቦታ

ቶሮንቶ፣ ኦክቶበር 9 ቀን 1983

ይድረስ ለተከበሩ አክስቴ ለድሩሲላ ፓርዲ፤ ግሬይ አርም፣ ኒውፋውንድላንድ።

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬ ባሉበት ይድረስዎት። ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎ፣ ዓይንዎ፣ ቤትዎ ሁሉ ደህና ነው? እኔን አያውቁኝም። ማርጎ እባላለሁ፤ የአጎትዎ ልጅ የሊያንደር ፓርዲ ልጅ ነኝ። በሬዲዮ ሰምተው ይሆናል፤ አባቴ ባለፈው ወር መጨረሻ እዚህ ሆስፒታል ውስጥ አረፈ።

በማግስቱ ጋዜጦቹ ሁሉ ፎቶግራፉን በፊት ገጻቸው አወጡ። ቴአትር ቤቶች ለአንድ ምሽት መብራታቸውን አጠፉለት። ልብ ወለዶቹን ያላነበበ፣ ትልቁን ተውኔቱን ያላየ ሰው በዚህ አገር ማግኘት ያስቸግራል፤ መንገድ ላይ የማላውቃቸው ሰዎች እያስቆሙ «አባትሽ ያሳደገኝ ያህል ነው» ይሉኛል። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። አሁን የምጽፍልዎት ግን ስለ ደራሲው አይደለም፤ ስለ አስከሬኑ ነው።

አባቴ የተናዘዘው አንድ ነገር ብቻ ነው። «እናቴ አጠገብ ቅበሩኝ፤ ግሬይ አርም» አለ። ቄሳችሁን በስልክ ጠይቄያቸው፣ ከአያቴ መቃብር አጠገብ አንድ ባዶ ቦታ ብቻ እንደቀረና እሱም በእርስዎ እጅ እንደሆነ ነገሩኝ። እዚህ ደግሞ የታላላቅ ሰዎች ኮሚቴ ተቋቁሟል። በከተማው ከታወቁት መቃብሮች መካከል ሊያስቀምጡት ሐውልቱን ሁሉ ነድፈው ጨርሰዋል። እምቢ ብያቸዋለሁ። አስከሬኑ የእርስዎ መልስ እስኪመጣ በመቃብር ስፍራው የድንጋይ ቤት ውስጥ ይጠብቃል።

እባክዎ ቦታውን ይስጡኝ። ግሬይ አርምን ረግጬው ባላውቅም በአባቴ መጻሕፍት ውስጥ ነው ያደግኩት፤ ዓሣ ማድረቂያዎቹን፣ የቤተ ክርስቲያኑን ጠመዝማዛ መንገድ፣ ሁሉንም ዓይኔን ጨፍኜ እሄድበታለሁ። ለሽማግሌው መርከበኛ ለአጎት አብሳሎም፣ ከእርስዎ ጎን ለሚኖሩት ለመንታዎቹ እህትማማቾችም ሰላምታዬን ያድርሱልኝ።

አክባሪዎ
ማርጎ ፓርዲ


ግሬይ አርም፣ ኖቬምበር 14 ቀን 1983

ይድረስ ለማርጎ፣ ለሊያንደር ልጅ፤

እግዚአብሔር ያጽናሽ። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ፤ እሱም ቢሆን አንድ ቀን እሱ ይቀድማል፣ አንድ ቀን እኔ። የሬዲዮውን ወሬ ስሰማ ድንች እልጥ ነበር። ቢላዋዬን አስቀምጬ ትንሽ ተቀመጥሁ፤ ከዚያ ደግሞ መላጡን ቀጠልሁ። ምን ይደረጋል።

ሰላምታሽን ለማድረስ ግን ተቸግሬአለሁ። አብሳሎም የሚባል ሰው በዚህ መንደር ተወልዶ አያውቅም። መንታ እህትማማችም የለንም። አባትሽ ከራሱ ነው የወለዳቸው። በሁለተኛው መጽሐፉ እኔንም ለሰካራም ድሮኛል፤ አንካሳም አድርጎኛል። ባል የሚባል ነገር አላገባሁም፤ እግሬም እስካለፈው ክረምት ድረስ የፍየል እግር ነበር። የሚያውቁኝ ሰዎች ግን መጽሐፉን ካነበቡ በኋላ ስሄድ እግሬን ያዩ ጀመር።

ደብዳቤሽን ሱቅ ወስጄ አነበብሁላቸው፤ ጉዳዩ የመንደር ነውና። ጎረቤቴ ኤልድሬድ ሮዝ፣ መቃብር የሚቆፍርልን እሱ ነው፣ የዱቄት ከረጢት ላይ ተቀምጦ ነበር።

«ምን? በቁሙ የጻፈብን አነሰና ሬሳው ደግሞ ሊመጣብን ነው?» አለ።

«አንተን ደግሞ የት ጻፈህ?»

«ሦስተኛው መጽሐፍ ላይ ያለው በግ ሌባ እኔ ነኝ።»

«በግ ሰርቀሃል እንዴ፣ ኤልድሬድ?»

«አልሰረቅሁማ! የሚያናድደኝ እሱ እኮ ነው!»

ሱቁ በሳቅ ፈረሰ። ከሳቁ በኋላ ግን ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ፤ ምን እንደምመልስልሽ ያውቃሉና።

ቦታው ባዶ ነው ያሉሽ ቄስ አዲስ ሰው ናቸው። ባዶ አይደለም። ባለቤት አለው፤ የወንድሜ የጀቤዝ ነው። መንደራችን አለት ላይ ነው የተቀመጠው፤ የመቃብሩን አፈር ያመጡት የጥንት ሰዎች በጀልባ ጭነው ነው፤ ሌላ የሚቆፈር መሬት የለንም። አሁን የሚሞት ሰው ባሕሩን ተሻግሮ ነው የሚቀበረው። እኔም ቀኔ ሲደርስ ተሻግሬ ነው የምቀበረው። ያ ቦታ ጀቤዝ እስኪመጣ ይቆያል።

ስለዚህ አልችልም። በአባትሽ ሞት ግን አዝኛለሁ፤ ይህን የምለው ለደንቡ አይደለም።

ድሩሲላ ፓርዲ


ቶሮንቶ፣ ኖቬምበር 30 ቀን 1983

ይድረስ ለተከበሩ አክስቴ፤

ሰላምና ጤና ከእርስዎ ጋር ይሁን። ደብዳቤዎን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አብሳሎም የለም ማለትዎ ከጠበቅኩት በላይ አስከፋኝ። በልጅነቴ ነገር ሲከብደኝ በልቤ የማማክረው እሱን ነበር። አባቴ ስለ መንደሩ ስጠይቀው «መጽሐፉ ላይ አለ» ብሎ ያልፈኝ ነበር። ከመጽሐፉ ውጭ ያለውን አንድም ቀን አልነገረኝም።

አክስቴ፣ ድፍረቴን ይቅር ይበሉኝና አንድ ነገር ልበል። ጀቤዝ በ1931 ባሕር ላይ የሞተው ወንድምዎ አይደለም? አስከሬኑ ያልተገኘው? የአባቴ ተውኔት ስለ እሱ እንደተጻፈ ሁሉም ያውቃል። ፊቱን የሸፈነ እንግዳ ወደ እናቱ ቤት የሚመጣበት፣ ያ ተውኔት። በየክረምቱ በአንዱ ከተማ ይታያል፤ በየክረምቱ ወንድምዎ መድረክ ላይ ይመለሳል፤ ሺህ ሰው ያለቅስለታል። አባቴ ለወንድምዎ የሰጠው ከአንድ የአፈር ቦታ አይበልጥም? ሊመጣ ለማይችል ሰው የተያዘ ቦታ፣ መምጣት ለሚፈልግ ሰው ቢሰጥ ምን ክፋት አለው?

በአክብሮት
ማርጎ


ቶሮንቶ፣ ዲሴምበር 19 ቀን 1983

ለተከበሩ አክስቴ፤

መልስ ስላልደረሰኝ ነው። ፖስታው ዘግይቶ ይሆናል፤ ወይም አስቀይሜዎት ይሆናል። ኮሚቴው ጸደይ ላይ ቁርጡን እንድናገር ጠይቆኛል። አንድ ቃል ቢሆንም ይጻፉልኝ። መልካም ገና ይሁንልዎ።

ማርጎ


ግሬይ አርም፣ ጃኑዋሪ 7 ቀን 1984

ማርጎ፤

ሰላምታውን መጨረሻ ላይ እጽፈዋለሁ፤ አሁን ተናድጃለሁ። ተናድጄም ነው ሳልጽፍልሽ የቆየሁት።

ወንድሜን «የሞተው» ብለሽ የጻፍሽ አንቺ የመጀመሪያዋ ነሽ። ያ ቃል በእኛ ቤት ከስሙ ጋር ተቀምጦ አያውቅም። «ያልተመለሰው» ነው የምንለው። መንደሩም ያውቃል፤ ልጆችም ሲያጠፉ ይቆነጠጣሉ። አንቺ በአንድ መስመር ቀበርሽው፤ በሁለተኛው መስመር ደግሞ ቦታውን ጠየቅሽኝ። በዚያ ላይ ስለሚያለቅስለት ሺህ ሰው ነገርሽኝ። ስለዚያ ተውኔት የማላውቀውን የምትነግሪኝ መሰለሽ? እንግዲያው ስሚ።

ጭንብለኞችን በመጽሐፍ ታውቂያቸዋለሽ። ከገና ማግስት እስከ ትናንትናው የጥምቀት በዓል ድረስ፣ ሰው ፊቱን በመጋረጃ ዳንቴል ወይም በትራስ ጨርቅ ሸፍኖ፣ የራሱ ያልሆነ ልብስ ለብሶ፣ የቀኙን ጫማ በግራው አድርጎ ይመጣል። በር አንኳክቶ፣ ድምፁ እንዳይታወቅ ትንፋሹን ወደ ውስጥ እየሳበ፣ «ጭንብለኛ ታስገባላችሁ?» ይላል። ይጨፍራል፤ የቤቱ ሰው ማን እንደሆነ ይገምታል። ስሙን ካወቁበት ፊቱን መግለጥ ግዴታው ነው። ከተሳሳቱ ራሱን በአሉታ ይነቀንቃል፣ እንደገና ይገምታሉ። ሐዘን ወዳለበት ቤት ግን አይኬድም። ሐዘንተኛ ቤት መስኮቱ ላይ ጥቁር ጨርቅ ይሰቅላል፤ ጭንብለኛው አይቶ ያልፋል።

ጀቤዝ በዚያ ዓመት በኦክቶበር ብቻውን መረብ ሊያነሣ ወጣ፤ ጭጋግ ወረደ። ጀልባዋ ተገኘች። አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። ገና ሲደርስ ጎረቤቶች ጥቁሩን ጨርቅ ይዘው መጡ። እናቴ ትሪፊና «ለምኑ? ማን ሞተና?» ብላ መለሰቻቸው። መስኮታችን እንደ ማንኛውም ቤት መስኮት ሆኖ ቀረ። ያየ ሁሉ ግን ገብቶት አለፈ። አንድ ብቻ አላለፈም።

ብቻውን ነበር የመጣው። የጀቤዝን ግራጫ ሹራብ ለብሷል፤ ክርኑ ላይ እኔ በሰማያዊ ክር የጣፍሁትን። ዓሣ ቤቱ ውስጥ ተሰቅሎ የቀረ ሹራብ ነበር፤ ዓሣ ቤቱ ደግሞ የሁለት ቤት ነበር፤ የእኛና የአባትሽ ቤት። ጭንብለኛ ያገኘውን የሰው ልብስ ይለብሳል፤ ወጉ ነው። ኩሽናው መሐል ቆመ። አልጨፈረም። እናቴ ከወንበሯ ሳትነሣ «ጀቤዝ» አለች።

ራሱን በአሉታ መነቅነቅ ነበረበት። አልነቀነቀም።

«ልጄ፣ በረደህ?» አለችው።

በአዎንታ ነቀነቀ። ከዚያ ወጥቶ ሄደ።

በቤቱ የነበርነው እናቴና እኔ ብቻ ነን። አሥራ አምስት ዓመቴ ነበር፤ ምድጃው አጠገብ ነበርሁ፤ እኔም አመንሁ። ከዚያ በኋላ እናቴ ምድጃውን አላጠፋችም። ቦታውንም ያስያዘችው ያኔ ነው። «መጥቶ ነበር፤ አልቆየም እንጂ። ደግሞ ይመጣል» ትል ነበር። ስትሞት እጄን ይዛ ያስማለችኝ ስለ ነፍሷ አልነበረም። «ቦታውን ለማንም እንዳትሰጪ፤ ሲመጣ ይበርደዋል» አለችኝ። እሺ አልሁ።

በ1961 ተዋንያን በመርከብ እየዞሩ ከባሕሩ ማዶ ያለው ትምህርት ቤት አዳራሽ መጡ። የሊያንደር ተውኔት ነው ተብሎ መንደሩ በሙሉ ተሻገረ። አባትሽ ራሱ አልነበረም። ኤልድሬድ ከጎኔ ተቀምጦ ኦቾሎኒ ይበላል። መጋረጃው ተከፈተ፤ አንዲት አሮጊት፣ አንድ ምድጃ፣ ፊቱን የሸፈነ ሰው። አሮጊቷ «ልጄ፣ በረደህ?» አለች። ሰውየው በአዎንታ ነቀነቀ።

አዳራሹ በሙሉ አለቀሰ። ኤልድሬድ እንኳ ኦቾሎኒውን ተወ። እኔ እንደ እንጨት ደረቅሁ። እኔና እናቴ ያንን ቃል ከቤታችን አውጥተነው አናውቅም። የሚያውቀው ሦስተኛ ሰው ቢኖር ጭንብለኛው ብቻ ነው። ሰው ሁሉ ቆሞ ሲያጨበጭብ እኔ ወንድሜን ለሁለተኛ ጊዜ አጣሁት። የመጣው ጀቤዝ አልነበረም። አባትሽ ነበር፤ መሸፈኛውን ሳይገልጥ ወጣ፤ እናቴን አሥራ ስምንት ዓመት ምድጃ ሥር አስቀመጣት፤ ከዚያ ቃሏን ወስዶ በአገሩ ሁሉ አስጨበጨበበት። ይኸው ነው የአገር ኩራት የምትሉት ሰው።

«ታዲያ ካወቅሽ ቦታውን ለምን ትጠብቂያለሽ?» ትይኝ ይሆናል። ምን ቀረኝ? ያ ጉብኝት ከተወሰደብኝ የቀረኝ ቦታው ነው። እሱን ከሰጠሁ ወንድሜ አይመጣም ማለት ነው።

አሁን ደግሞ የዘንድሮውን ልንገርሽ፤ ለማን እንደምነግረው አላውቅምና። በገና ሦስተኛው ቀን፣ ገና ሳይመሽ፣ አንድ ጭንብለኛ ብቻውን መጣ። መንደሩ ባዶ እየሆነ ስለሆነ ጭንብለኛ ካየን ሦስት አራት ዓመት ሆኖናል፤ ደስ ብሎኝ አስገባሁት። አላወራም። አልጨፈረም። ወንበር ላይ ተቀመጠ፤ ከቡትሱ ሥር ውሃ ወለሉ ላይ ተጠራቀመ። ኬክ ሰጠሁት፣ አልነካውም። እንድገምት እየጠበቀኝ ነበር። ሁለት ስም ምላሴ ላይ መጣ፤ የቱ እንደሚቀድም አላወቅሁም። ፈራሁ፣ ማርጎ። ሰው ፈርቼ አላውቅም። አንዱንም ሳልጠራ ተነሥቶ ወጣ። በረዶው ላይ ዱካ አልነበረም አልልሽም፤ ወጥቼ አላየሁማ።

በማግስቱ ኤልድሬድን ያዝሁት። «አንተ ነህ አይደል፣ ያስፈራራኸኝ?» ስለው «እኔ? በዚህ ጉልበቴ? ከአልጋዬ እስከ ሽንት ቤት መሄድም ጉዞ ሆኖብኛል!» አለኝ። ሌሎቹም ማሉልኝ። ይሁን።

ቦታውን አልሰጥም። ሰላምታዬ ይኸው ነው።

ድሩሲላ


ቶሮንቶ፣ ፌብሩዋሪ 3 ቀን 1984

ይድረስ ለአክስቴ ለድሩሲላ፤

ሰላም ለእርስዎ ይሁን፤ ከእኔ የሚቀበሉት ከሆነ። «የሞተው» ብዬ ስለጻፍኩት ይቅርታ እለምንዎታለሁ። ቃሉ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ አላወቅኩም ነበር። ደብዳቤዎን ካነበብኩ ወዲህ እንቅልፍ አጥቻለሁ፤ አባቴ ያደረገው ሳይሆን ያየሁት ነገር ትርጉሙ ስለገባኝ ነው።

ለማንም ያልነገርኩት ነገር አለ። አባቴ በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ሰው ወደ ክፍሉ በገባ ቁጥር አንሶላውን ፊቱ ላይ ይስብ ነበር። ነርሶቹ ብርሃን ያስቸገረው መስሏቸው መጋረጃውን ዘጉለት። አልነበረም። ይሸፍንና ይጠብቃል። «አባዬ» ስለው ራሱን በአሉታ ይነቀንቃል። ኮሚቴዎቹ መጥተው «የተከበሩ ሚስተር ፓርዲ» ሲሉት በአሉታ ይነቀንቃል። አንዲት ነርስ በጨዋታ «እሺ፣ ማን ልበልዎት ታዲያ?» ብትለው አንሶላውን ይበልጥ ሳበ። የጻፋቸውን ሰዎች ስም ሳይቀር ጠራሁለት፤ አብሳሎምን እንኳ። በራሱ ስም ግን አልጠራሁትም። አባት በስሙ ይጠራል ብዬ አላሰብኩም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከአንሶላው ሥር ሲንቀጠቀጥ አየሁት። ሳላስበው «በረደህ?» አልኩት። የተውኔቱ ቃል መሆኑ ትዝ ያለኝ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው፤ በጣም አፈርኩ፤ በሚሞት ሰው ላይ የቀለድኩበት መሰለኝ። እሱ ግን በአዎንታ ነቀነቀ። አንሶላው ከእስትንፋሱ ጋር ከፍ ዝቅ ይል ነበር፤ እያለቀሰ ነበር። ብርድ ልብስ ደረብኩበት። በማግስቱ አረፈ። አንሶላውን የገለጡት ሌሎች ናቸው፤ እኔ አልነበርኩም።

ከዚያ ወዲህ የአባቴን ፊት ላስታውስ ስል አንሶላው ነው የሚመጣብኝ። ግድግዳዬ ሁሉ የእሱ ፎቶግራፍ ነው፤ አሁንም ፊቱ ጠፍቶኛል። እፈራለሁ፣ አክስቴ።

ይህን የጻፍኩት ቦታውን ለመለመን አይደለም። ልመናዬን አንሥቻለሁ። በጁን እዚሁ እንዲቀበር ለኮሚቴው እሺ ብያለሁ። በእናትዎ ላይ ያደረገውን እኔ ልክስልዎ አልችልም። የወንድምዎ ቦታ የወንድምዎ ይሁን።

ማርጎ


ግሬይ አርም፣ ሜይ 12 ቀን 1984

ይድረስ ለማርጎ፤ ሰላምና በረከት በቤትሽ ይግባ፤

ባሕሩ በበረዶ ተዘግቶ ፖስታ አልመጣም ብል ትቀበይኛለሽ፤ ግን ውሸት ነው። ደብዳቤሽ በማርች ደርሶኛል። አነበብሁት፤ ምድጃው ላይ ልጥለው ሄድሁ፤ አልጣልሁትም። ሁለት ወር ሙሉ በልቤ ስሟገት ከረምሁ። አሮጊት ከራሷ ጋር ስትጣላ ገላጋይ የላትም።

ስለ አባትሽ ሳስብ ሁልጊዜ የማየው ታዋቂውን ሽማግሌ ነበር። ክራቫት ያሰረውን፣ በጋዜጣ ላይ ያለውን። ያን የመሰለ ሰው መጥቶ እናቴን ያታለላት ያህል ነበር የምናደደው። አንሶላውን ስትጽፊልኝ ግን ሌላውን አየሁት። ያኔ እኮ ልጅ ነበር፤ አሥራ ሰባት ዓመቱ። እናቱ ከዚያ በፊት በነበረው ጸደይ ሞታለች፤ ያ አንቺ አጠገቧ ቅበሩት የምትይው መቃብር ያኔ አፈሩ ገና አልጠነከረም ነበር። አባቱ የማይናገር ሰው ነበር። ያለው ጓደኛ ጀቤዝ ብቻ ነበር፤ እሱንም ባሕር ወሰደበት። መስኮታችን ላይ ጥቁር ጨርቅ አጣ፤ መንደሩ በሙሉ የገባው ነገር ለእሱ አልገባውም፤ ጥቁር ከሌለ ይገባል ብሎ ገባ። ምናልባትም የሞቀ ቤት ፈልጎ ይሆናል። ከዚያ እናቴ «ልጄ፣ በረደህ?» አለች። እናቱ ከሞተች ወዲህ «ልጄ» ያለው ሰው አልነበረም።

በርዶት ነበራ! ለዚህ ነው የነቀነቀው። አልዋሸም። እናቴ ያየችው ልጇን ነበር፤ የመለሰላት ግን እሱ ነበር። እኛ ያልመጣውን ስንጠብቅ ዕድሜያችንን ጨረስን፤ የመጣውን ግን «ማን ነህ?» ያለው የለም። እንግዲህ ጥሎን ሄዶ ያንኑ ደጋግሞ ጻፈው። ፊቱን መግለጥ ነበረበት፤ ይህን አልምረውም። ግን እኛም ስሙን አልጠራንለትም።

ኮሚቴሽን ሐውልታቸውን ይዘው ይቀመጡ በያቸው። አባትሽን አምጪው። እናቱ አጠገብ ይተኛል።

ትናንት ከኤልድሬድ ጋር ወጣን። በረዶው ከመቃብሩ ላይ ለቅቋል፤ አፈሩ ለስልሷል። አካፋውን ተክሎ ቆመና «እርግጠኛ ነሽ፣ ድሩሲላ? ከቆፈርሁ በኋላ ሐሳቤን ቀየርሁ ብትይ አልደፍነውም» አለኝ።

«ቆፍር ባክህ፣ በግ ሌባ።»

«አየሽ! አየሽ! ይኸው ስሜን አጠፋው፤ እኔው ራሴ ደግሞ ጉድጓድ እቆፍርለታለሁ!» እየለፈለፈ ቆፈረ። ጨርሶ ሲወጣ ግን ባርኔጣውን አውልቆ ቆየ፤ ጀቤዝ የእሱም ጓደኛ ነበር።

ቦታውን ያለ ጀቤዝ ላስቀረው ስላልፈለግሁ አንድ ድንጋይ ላይ ሁለት ስም እንዲቀረጽ አዘዝሁ። ድንጋይ ጠራቢው ዛሬ ከማዶ ተሻግሮ መጣ፤ ጎልማሳ ነው፣ ታሪካችንን አያውቅም። ኩሽናዬ ተቀምጦ በእርሳስ የአባትሽን ስም ጻፈ፤ ተወለደ፣ ሞተ። ደራሲ ልበል ወይ ሲለኝ፣ ሰው ሁሉ ያውቃል፣ እኛ ዘንድ ልጅ ነው፣ ተወው አልሁት። ከዚያ የጀቤዝን ስም ጻፈ። የተወለደበትን ዓመት ነገርሁት።

«ቀጥሎስ ምን ልበል፣ አክስቴ? ባሕር ላይ የጠፋ ነው የምንለው?»

እናቴን አሰብኋት። ከጠረጴዛው ጫፍ ተደግፌ ቆምሁ።

«የለም። ሞተ በል» አልሁት። «በ1931 ሞተ።»

ጻፈው። አራት ቁጥርና አንድ ቃል ነው። ሻዩን ጠጥቶ አመስግኖኝ ሄደ፤ እኔ ደግሞ ተቀምጬ ለወንድሜ አለቀስሁለት፤ ያላለቀስሁለትን ሁሉ። ሳበቃ ጨለማ ሆኖ ነበር፤ ለእሱ ለማልቀስ ይህን ሁሉ ዓመት እንደቆየሁ አላውቅም ነበር።

መርከቧ በጁን ሁለተኛው ሳምንት መምጣት ትጀምራለች። አባትሽን ይዘሽው ነይ፣ ልጄ።

አክስትሽ
ድሩሲላ